ለአንድ በር የተመረጠ ማርሚታ

ዴሳንካ ያን ንግግር የሰማችው በማድቤቱ መስኮት ነበር፤ ልጇ ያስና ያኔ ገና ጡት አልጣለችም። ባሏ ድራጉቲንና ታናሽ ወንድሙ ስሬተን ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ሥር ተጋድመው፣ የወለቀውን የጭስ ማውጫ በሽቦ ያስራሉ። ከውጭ የሚታየው አፈር የለበሰው እግራቸው ብቻ ነው። ከሥር አንዱ፣ «ይቺ ልጅ ወንድም ባይኖራት በሰርጓ ቀን ማን ያወጣታል?» ሲል ሰማች። ከዚያ የመዶሻ ድምፅ ሆነ። ቀጥሎ፣ «ኦግኔን ያወጣታል፣ ወንድሟ እሱ ነው» የሚል መጣ። ኦግኔን የስሬተን ልጅ ነው። የሁለቱ ድምፅ ግን አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ባሏ ለምኖ ይሁን ዋርሳዋ ሳይለመን ሰጥቶ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ሁለቱንም ጠይቃ አታውቅም።

በእነሱ መንደር ሙሽራ ወንድም እጇን ይዞ ካላወጣት ከአባቷ ቤት አትወጣም። ወንድም ከሌላት የአጎት ልጅ ወንድሟ ነው። ያስና ደግሞ ወንድም ሳታገኝ አደገች።

ድራጉቲን ቪየና ገብቶ ዓመታት መንገድ ሲያነጥፍ ኖረ፤ ባገኘውም በአባቱ መሬት ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሠራ። መስኮቶቹ ለዕረፍት ከሚመጡበት ከነሐሴ በቀር ተዘግተው ነው የሚከርሙት። ከቀትር በኋላ የቤቱ ጥላ የስሬተንን የቃሪያ መደብ ይሸፍነዋል። ስሬተን መጥቶ፣ ላይኛው ፎቅ እንዲቀር ለመነ። ድራጉቲን፣ «በበጋ ጥላ ያገኘ ሰው ያመሰግናል እንጂ ያማርራል እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። ስሬተን ድርሻውን ጥሎ ላይኛው መንገድ ዳር ትንሽ ቤት ቀለሰ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ዴሳንካ በየጾሙ ስለ ሁለቱ ሻማ ታበራለች፤ ለማንም አትናገርም።

ሰርጉ ሲቃረብ እንደ ደንቡ ድራጉቲን ያጌጠውን የእንጨት ኮዳ የፕለም አረቄ ሞልቶ ቤት ለቤት ዞረ። የተጠራ ሰው ከኮዳው ይጎነጫል፣ ከራሱ አረቄ መልሶ ይሞላዋል፣ በኮዳው አንገት ላይ ስጦታ ያስራል። ኮዳ ያልገባበት ቤት አልተጠራም ማለት ነው፤ ኮዳውን ጀርባ የሰጠም ዝምድናውን ቆረጠ ማለት ነው። ድራጉቲን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ስሬተን ሄዶ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«በሩ ላይ ቆሜ ጀርባውን ሰጠኝ» አላት። 

በሳምንቱ አጋማሽ ከተማ ወዳለው፣ የጭስ ማውጫ ወደሚሠራው ወደ ቶዶር ጋራዥ ይዟት ሄደ። መኪናው ከቪየና ያመጣው፣ ከፍ ያለና ሰፊ፣ እንደ ውድድር መኪና የሚወረወር የጀርመን ሥሪት ነው። ዴሳንካ ከአንድ አሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ላይ፣ ግድግዳ ጥግ ተቀምጣ ታዳምጥ ጀመር። ማዳመጥ ልማዷ ነው።

ቶዶር ወለሉ ላይ ሦስት ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ ደረደረ። አንደኛው የፋብሪካውን የሚመስል፣ ሆዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ውስጡ ክዳን አለው፤ በቁልፍ ሲከፍቱት ይጮኻል፣ ሲዘጉት ዝም ይላል። ሦስተኛው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ ዙሪያው ጥጥ መሳይ የመስታወት ክር ተጠቅልሎበታል። ጭሱም ድምፁም ምንም ሳያግደው ይወጣል።

«እኔን ከጠየቅኸኝ ጋሼ ድራጉቲን፣ መካከለኛውን ውሰድ» አለ ቶዶር። «ሰርግ ላይ ትከፍተዋለህ፣ በቤተ ክርስቲያን በኩል ስታልፍ ትዘጋዋለህ።»

«ቁልፍ አልፈልግም። ከላይኛው መንገድ እስከ ታች የሚሰማውን ነው የምፈልገው።»

ቶዶር ሦስተኛውን በእግሩ ነካ አደረገው። በዚህ እስከ ቪየና ቢነዳ ጭንቅላቱ ውስጥ የንብ ቀፎ እንደሚገባ፣ የኦስትሪያ ፖሊስም ገና ድንበሩ ላይ እንደሚያቆመው፣ ጉልበት ይጨምራል የሚሉትም ወሬ እንደሆነ ነገረው። ድራጉቲን፣ ለጉልበት አልመጣሁም አለ።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«የማይሰማ ሰው አለ። እንዲሰማ ነው።»

ቶዶር ወደ ዴሳንካ ዞር አለ። «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ልጁን ነው የሚድረው ወይስ ጦር ነው የሚያዘምተው?»

ዴሳንካ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ድራጉቲን ቀጥ ያለው ቱቦ እንዲገባ፣ በመኪናው ሆድ ሥር መካከል ላይ ያለው ተጨማሪ ማርሚታም ጭራሽ እንዲወጣ፣ ከኋላ አራት አፍ እንዲኖረው አዘዘ። አፎቹ ጥቁር ይሁኑ ወይስ በእሳት ሰማያዊ የሆኑት ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለልጁ ልብስ ሲመርጥ እንኳ ያላሳየውን ጥንቃቄ አሳየ፤ እያገላበጠ ብርሃን ላይ አያቸው፣ ሰማያዊዎቹን ያዘ። ቶዶር መኪናውን በሊፍት አንስቶ የድሮውን ቱቦ በመቁረጫ ቆረጠው። የብየዳው ፍንጣሪ ሲዘንብ ዴሳንካ ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲነሳ የጋራዡ ላሜራ ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ድራጉቲን ቶዶርን ጨበጠና ወደ መንደር ነዳ። ወደ ቤት አልታጠፈም፤ ላይኛውን መንገድ ያዘ።

በስሬተን በር ላይ አቁሞ ነዳጁን ረገጠው። የጎረቤት ዶሮዎች በየአጥሩ ሥር ተበተኑ፣ ውሻ ሰንሰለቱን እየጎተተ ጮኸ፣ አንዲት ሴት በመስኮት አንገቷን አወጣች። ስሬተን በአዲሱ ግቢው የቃሪያ መደብ መሃል ተንበርክኮ ግንዱን በሲባጎ ያስራል። ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።

«አየሽው?» አለ ድራጉቲን። «ያኔም ይሄው ነው።»

ዴሳንካ አየችው። ቂም የያዘ ሰው የሚሸሸው ነገር ከኋላው ሲመጣ ትከሻው ይደነድናል፤ እሷ ይህን ታውቃለች፣ ቤቷ ውስጥ አይታዋለች። የስሬተን ትከሻ ግን ልቅ ነበር። የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች። ድራጉቲን ከኋላዋ አንድ ነገር አለ፤ ከጩኸቱ የተነሳ አልሰማችውም።

አጥሩ በሽቦ ብቻ ነው የታሰረው። ፈትታ ገባች። ስሙን ጠራችው፣ ደግማ ጠራችው። ጥላዋ እጁ ላይ ሲያርፍ ነው ደንግጦ የዞረው። ሲያያት ፊቱ በራ፤ የሚያየው ግን ዓይኗን ሳይሆን አፏን ነበር።

«ዋርሳዬ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አለ። «ባለፈው ክረምት በትኩሳት ጆሮዬ ሄዷል። አፍሽን ካየሁ ይገባኛል።»

ዴሳንካ አማተበች። ቀስ እያለች ስለ ኮዳው ጠየቀችው።

«ኮዳው ይሄን መንገድ ሁሉ ዞሯል» አለ። «እኔ ጋ አልገባም። እሁድ ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩ። ማንም ሳይመጣ ሲቀር ስጠብቅ እንዳልታይ አትክልቱ ውስጥ ገባሁ። ሲመሽ ሸሚዙን አወለቅሁት።»

«ኦግኔንስ?»

«ያን ቀን ወንዝ ወርዶ ነበር፣ ዓሣ ሊያጠምድ። አሁን የለም። የእህቱ ሰርግ ሲያልፍ ያልተጠራ ሆኖ መታየት አፈረ። ስሎቬኒያ የጣሪያ ሥራ ይዞ ሄደ። ለሰርጉ አይለቁትም።»

 ያን የመኪና ሥር ንግግር አሰበች። እጁን ይዛ፣ አንተ ታወጣታለህ ወይ አለችው። ስሬተን ሲባጎውን ጣቱ ላይ ጠቀለለ።

«ኮዳውን ይዞ በእግሩ ይግባ። ከገባ አወጣታለሁ። ሙዚቃውን ባልሰማም መንገዱን አውቀዋለሁ። ማዕዳችሁ ላይ ግን አልቀመጥም፤ ጥላው ይከብደኛል።» ከዚያ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። «ያ ደግሞ ምንድነው? ጉልበቴ ሥር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የማን ትራክተር ነው ብዬ ነበር።»

ዴሳንካ የአጥሩን ሽቦ መልሳ አስራ ወጣች። መኪናው ውስጥ ገብታ ተናገረች፤ ድራጉቲን፣ ምን አልሽ አላት። ደገመች፤ አሁንም አልሰማም። እጇን ዘርግታ ሞተሩን ራሷ አጠፋችው።

«እሁድ ለት የት ነበር የቆምከው?»

«በሩ ላይ አልኩሽ እኮ።»

«ከመኪናው ወርደህ ነበር?»

ድራጉቲን መሪውን አየ። «ክላክስ አደረግሁ። ብዙ ጊዜ አደረግሁ። ወንድሙ በር ላይ ክላክስ እያደረገ የማይወጣ ሰው…»

«አይሰማም። በክረምቱ ደንቁሯል።»

 ውሻው እስኪደክመው ጮኾ ተወ። ድራጉቲን ዞሮ ወንድሙን አየው፤ ስሬተን ተመልሶ ተንበርክኮ ነበር። የቀረውንም ነገረችው፦ ሸሚዙን፣ የኦግኔንን መሄድ፣ ኮዳውን ይዞ በእግሩ ከገባ አወጣታለሁ ማለቱንና ማዕዱን እምቢ ማለቱን። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የወጣው ቃል ይህ ነበር፦

«ቶዶር የድሮውን ማርሚታ ቆርጦታል።»

ዴሳንካ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ ለዓመታት እንዲሁ ጠብቃለች። ሰውዬው ወንድሙን ይቅርታ ይጠይቃል ብላ አልነበረም። እሱም አላለም። ቤቱን መገንባት መብቱ እንደነበር ተናገረ፣ ስሬተንም የጆሮውን ነገር ሰው ልኮ ሊያሳውቀው ይገባ እንደነበር ተናገረ፣ ኦግኔንም ልጅነቱ እንዳሳበደው ተናገረ። እሷ አንድም ጊዜ አልተቃወመችውም። መጨረሻ ላይ የሚወቅሰው ሰው አለቀበት።

«ነገ ጠዋት መኪናውን ታች መስቀለኛው መንገድ ጋ አቆማለሁ» አለ። «ኮዳውን ይዤ በእግሬ እወጣለሁ። በሩንም ራሴ እከፍታለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምል አትጠይቂኝ።»