ከጭዱ ሥር

ነኢማ በሕይወቷ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። የአራት ዓመት ልጇን የመርሳ ከተማ ሰው ሁሉ "ባንዳ" እያለ ይጠራታል። ባንዳ! ገና የግራ ጫማዋን በቀኝ እግሯ የምታጠልቅ ልጅ! ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ቡርቱካን ስሙን መውደዷ ነው። የሰፈሩ ልጆች ቦኖው ጋ ቆመው "ባንዳ!" ብለው ሲጣሩ እሷ "አቤት!" ብላ እየሳቀች ትሮጣለች። የሚያጫውቷት ይመስላታል።

ስሙን ያወጡላት ጎረቤታቸው ጋሽ ኡበይደላ ናቸው። አምና በጦርነቱ ጊዜ ታጣቂዎች ወደ ከተማዋ ሲቃረቡ ጋሽ ኡበይደላ ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡበትን የውሃ ሞተር ጓሮ ወስደው ከጭድ ሥር ደበቁት። ያኔ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላት ቡርቱካን ከእግራቸው ሥር አትጠፋምና ጭዱን በእቅፏ እያመላለሰች አቀበለቻቸው። እሳቸውም "ጎበዝ የኔ ልጅ፣ እደጊ" እያሉ መረቋት። ብዙም ሳይቆይ ታጣቂዎቹ ግቢያቸው ገብተው "ሞተርህ የት አለ?" አሏቸው። "ሸጬዋለሁ" አሉ። ቡርቱካን ጋቢያቸውን ጎተት አደረገች።

"አባባ፣ ረሳኸው እንዴ? ከጭዱ ሥር ነው እኮ!"

ሞተሩ ተጭኖ ሄደ። ጋሽ ኡበይደላም ዋሽተሃል ተብለው በሰደፍ ተመቱ፤ ትከሻቸው እስካሁን በቅጡ አልዳነም። የዚያ ዓመት ሽንኩርት መሬት ላይ እንዳለ ደረቀ። ነኢማ ይህን አትክድም፤ ታዝንላቸዋለችም። ግን ሲደብቁ ጎበዝ፣ ሲገኝባቸው ባንዳ? መሣሪያ ይዘው ቤት የዘረፉት ስም ሳይወጣላቸው ለዚህች ጨቅላ ይወጣላታል? ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ከሄዱ ስንት ወር አለፈ፤ ስሙ ግን አብሯቸው አልሄደም።

ነኢማ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እሱ የሚያውቀውን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው እንደሚመስለው ወልድያ ስትሠለጥን ተምራለች፤ በየቀኑም በክፍሏ ታየዋለች። ሥዕሉን ወደ ራሱ አዙሮ ይዞ "ቲቸር፣ እይልኝ!" የሚላት ልጅ ሞልቷል። እንዲህ ላለ ልጅ ምስጢር የሚባል ነገር ገና የለም። ደግሞም ይህ ዕድሜ ያልፋል፤ አንድ ቀን ድንገት ይገባቸዋል። ነኢማን እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው። ቡርቱካን የስሙ ትርጉም ሳይገባት ስሙ መጥፋት አለበት።

ሰኔ ላይ ሽማግሌ ጠራች። ከዐስር ሶላት በኋላ ሼህ አብዱልሐሊምና የጋራዡ ባለቤት አቶ ፈንታው ጋሽ ኡበይደላ ግቢ ተቀመጡ።

"አውቃ ነው" አሉ ጋሽ ኡበይደላ። "ምላሷን አታዩትም? እንዲህ የምታወራ ልጅ ይህ ይጠፋታል?"

"ጠፍቷታል፣ ጋሼ። በአላህ ይሁንብዎት፣ ዝም ብለው ይዩልኝ" አለች ነኢማ።

አንድ ቴምር፣ አንድ ጣሳና አንድ ሙዳይ ይዛ መጥታለች። ይህን ጨዋታ ቤቷ ደጋግማ ሞክራዋለች፤ ሰው ያላየውን እንደማያውቅ ስላልገባት ልጅቱ አንድም ቀን በትክክል አልመለሰችም። አቶ ፈንታው እንደተነገራቸው ቴምሩን ከጣሳው ሥር አድርገው ከግቢው ወጡ። ነኢማ ቴምሩን አነሳችና ሙዳዩ ውስጥ ከተተችው።

"ቡርቱ፣ አቶ ፈንታው ሲመለሱ ቴምራቸውን መጀመሪያ የት ይፈልጉታል?"

የልጅቱ ጣት ወደ ሙዳዩ ሄደ። ነኢማ እፎይ አለች። ጣቱ ግን መሃል ላይ ቆመ። ቡርቱካን በሩን አየች፤ ጣሳውን አየች።

"ከጣሳው ሥር" አለች። "ስትቀይሪው አላዩማ!"

ጋሽ ኡበይደላ ጭናቸውን መቱ። "ይኸው! አላልኩም? ከእኛ በላይ ታውቃለች!"

"ዛሬ ነው የገባት! ባለፈው ሳምንት እንኳ አታውቅም ነበር!" ብላ ጮኸች ነኢማ። ማን ይስማት? ሼህ አብዱልሐሊም ሊናገሩ እጃቸውን ሲያነሱ ቡርቱካን ቀደመቻቸው። ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል አልነበረም።

"እማዬ፣ እነዚያ ሰዎችም አላዩም ነበር? ሞተሩን ስንደብቅ?"

አቶ ፈንታው ከበሩ ማዶ ሆነው "ልግባ?" ይላሉ።

"እኔ እኮ አባባ ረስቶት መስሎኝ ነው" አለች ልጅቱ።

ነኢማ ጋሽ ኡበይደላ ላይ አፈጠጠች። ዓመት ሙሉ የፈለገችው ማስረጃ ይኸው ነው፤ ዓመት ሙሉ የፈራችውም ይኸው ነው። በሉ እንግዲህ፣ አሁን ይናገሩ!

ጋሽ ኡበይደላ የታመመ ትከሻቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። "አይተው ነበር፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ያውቁ ነበር። ውሸቴን ሊያጋልጡ ነው የጠየቁኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።"

ከዚያ ተነሥተው ነኢማን "አፉ በይኝ" አሏት፤ ስሙ ሁለተኛ ከአፋቸው እንደማይወጣም ለሽማግሌዎቹ ቃል ገቡ። ነኢማ "አፉ ብያለሁ" አለች። ከአንጀቷ አልነበረም። ይህች ደግ ውሸት ዓመት ሙሉ የት ነበረች?

ልጇን ይዛ ወጣች። ደጅ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች የሽማግሌዎቹን ነገር አልሰሙም።

"ባንዳ! ነይ እንጫወት!" አለ አንደኛው።

ቡርቱካን አቤት አላለችም። ፊቷን በእናቷ ቀሚስ ሸፈነች።