ለልብስ ሰፊዋ የተለካች ማረሻ

ሹፌሩ ልቡን ካመመው ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቃተው። ሐኪሙ «ዶማ እንዳትነካ» ካለው ጀምሮ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓሮ ይመላለሳል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ እሱን በዓይኗ ስትከተል ስንቴ ጣቷን በመርፌ ወጋች!

በመጨረሻ «ትንሽ የማረሻ ሞተር እንግዛ» ሲላት እፎይ አለች። እጁ የሚይዘው ነገር ካገኘ እግሩም ያርፋል ብላ ነበር።

ሱቅ ሲገቡ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሻጩ ትልቁን እየደባበሰ «ጋሼ፣ ይሄን ድንጋይም አይመልሰው» ይላል። ሹፌሩ ዞር ብሎም አላየው። ከጥግ ትንሿን ጎትቶ አወጣና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እስኪ አንሺያት።»

«እኔ ምን በወጣኝ?»

«አንሺያት አልኩሽ!»

አነሳቻት። የማስነሻ ገመዱንም እሷው እንድትስበው አደረገ፤ እጀታውን በወገቧ ልክ ዝቅ አስደረገው። እሱ ቁመተ ሎጋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትለካ የኖረች ሴት ራሷ ስትለካ አይጠፋትም። ማረሻዋ የምትገዛው እሱ ለሌለበት ቀን ነው፤ ሻጩ ፊት ግን ምን ትበል?

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለም። ገና መርፌዋን ክር ሳታስገባ «ነይ የሞተሯን ካንዴላ እንፍታ»፣ ቁጭ ሳትል «ነይ ዘይቷን እንይ»። ምላጮቹ ላይ የተጠመጠመውን ሥር መቁረጥ፣ የአየር ማጣሪያውን ማራገፍ፣ ማረሻዋ ሳትሠራ የምትከርም ከሆነ ቤንዚኑን ቀድቶ ማውጣት፤ ሁሉን ያሳያታል፣ ሁሉን ትረሳለች። አንዴማ በዘይቱ ቀዳዳ ቤንዚን ልትጨምር ስትል «ኧረ ጉድ!» ብሎ እጇን ያዘ። እሷ ደግሞ በሆዷ «ካላወቅሁ ጥሎኝ አይሄድም» ትላለች። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ሌላ ማቆያ ከየት ታምጣ?

አንድ ጠዋት መፍቻውን ወደሚያጠብቀው በኩል ስታዞር ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሴትዮ፣ የስፌት መኪናሽን ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈትተሽ የምትገጥሚ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ማንን ነው የምታሞኚው?»

«አንተን።»

«ለምን?»

«ከተማርኩልህማ ምን ቀረህ? ልትሄድ ነው የምታጣድፈኝ።»

ሹፌሩ ከአጥሩ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

«መሄዱንስ እኔ መች መረጥኩት? ጓሮው ጦም አድሮ፣ አንቺ በዶማ ወገብሽን ስትቆርጪ እየታየኝ እንዴት ልረጋ? እንቅልፍ እንኳ እምቢ አለኝኮ!»

ዓይኑ ሥር የጠቆረውን ያኔ ልብ አለችው። አፈረች። እሷ እሱን ያቆየች መስሏት ዕረፍቱን ስትነሳው ከርማለች።

መፍቻውን ወደሚፈታው በኩል አዞረች። ካንዴላውን አውጥታ ጥቀርሻውን በብሩሽ ፈቀፈቀች፣ መለሰች፣ አጠበቀች። ዘይቷን አየች፣ ቤንዚኑን ከፈተች፣ ገመዱን አንዴ ሳብ ስታደርገው ሞተሩ ተነሣ። ሹፌሩ ባልዲ ገልብጦ ቁጭ አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!

እያረሰች ሄደች። ከኋላዋ ኮቴ አይሰማ፣ ድምፅ አይሰማ። ዞራ ማየት ፈራች፤ ዐርፎ ቢሆንስ? ማረሻዋ ወደ ጎን ዘመመችባት።

«ኧረ ቀጥ አድርገሽ ያዣት! ምን ታጣምሚያታለሽ?» ሲል ጮኸ ከኋላዋ።

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ አውቃ የባሰ አጣመመቻት።