እድር ለቁም ሰው አይከፍልም

የሰፈራችን እድር ሦስት ድንኳን አለው። የመጀመሪያው ሳይቀደድ ሁለተኛው ተገዛ፤ ሁለተኛው ሳያረጅ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ሦስተኛው መጣ። ሲገዛ እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ እድሩ የምናገረው ለራሴም ይደርሰኛል። ሁለት መቶ የፕላስቲክ ወንበር አለን። ሁለት ሴቶች ተጋግዘው የማያነሷቸው ብረት ድስቶች አሉን። መዋጮ ለሚያዘገይ ቅጣት፣ ከቀብር ለሚቀር ቅጣት፣ ሳይፈቀድለት ድስት ለሚወስድ ቅጣት አለን። በሀዋሳ የእኛን ሰፈር ያህል ለመሞት የተሰናዳ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ለመኖር ግን አንድ ማንኪያ እንኳ አልገዛንም።

ልጄ ህሊና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በስድስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አብሯት አልተረፈም። ጨርሶ አልደነቆረችም። ፊት ለፊቷ ቆሞ ቀስ ብሎ የሚናገራትን ሰው ከከንፈሩም ከድምፁም ለቃቅማ ትረዳዋለች። ከኋላዋ የሚናገር ሰው ለእሷ የለም። መምህሮቿ ደግሞ ወደ ሰሌዳው ዞረው ነው የሚያስተምሩት። ዘጠነኛ ክፍልን አንዴ ወድቃለች። ዘንድሮ እየደገመች ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ሌላ ዕድል እንደሌላት ነግረውኛል።

የጆሮ ሐኪሙ ለሁለቱም ጆሮዋ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋታል አለ። ዋጋውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ከፊደል በፊት ቁጥር ስለተማርኩ አነበብኩት፤ ባላነብ ይሻለኝ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኝታ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የዓመት ደመወዜን ሳልበላ ባጠራቅመው አንዱን ጆሮ አይሞላም።

መጀመሪያ አካል ጉዳተኞችን ይረዳል ወደተባለ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ ሄድኩ። ሐይቁ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ሆቴል ለሁለት ቀን ስልጠና ጠሩን። ሃያ ወላጆች ነበርን። ስለ መስሚያ መሣሪያ፣ ስለ ዊልቸር፣ ስለ ሰው ሠራሽ እግር በግድግዳው ላይ በመብራት ሥዕል አሳዩን። ሥዕሉ ያምራል። ምሳውም ጥሩ ነበር፤ ጥብስ ተረፈ። ስንወጣ ጀርባው ላይ «ሁሉም ይሰማ» የሚል ቲሸርት አደሉን።

«መሣሪያውስ?» አልኩት አሠልጣኙን።

«እናቴ፣ እኛ የምንሠራው ግንዛቤ ላይ ነው» አለኝ።

ህሊና እንደማትሰማ ከተገነዘብኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ጎረቤቴ ዘይነብ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል ዓሣ እያመጣች በሯ ላይ ጠብሳ ትሸጣለች። ቲሸርቱን አሳየኋት። ተቀብላ የፈሰሰ ዘይት ጠረገችበት።

«ብድር ስጠይቅ ዋስ አምጪ አሉኝ» አልኳት። «ዘመድ ስጠይቅ እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ።»

«እሱማ ያውቃል» አለች ዓሣውን እየገለበጠች። «ብርቱዬ፣ በዚህ ሰፈር ያለ ዋስ የሚከፍልሽ እድር ብቻ ነው። እሱም ከሞትሽ።»

«እንግዲያው ልሙትላቸዋ።»

«ሙቺ። ቅዳሜ አይሁን እንጂ፤ ቅዳሜ ገበያ አለኝ።»

ሳቅን። በማግሥቱ የመኝታ ቤቱን ኮሪደር ስወለውል ግን ሳቁ ሄዶ ነገሩ ብቻ ቀረ። ለምን አይሆንም? ስሞት የሚከፍሉት ገንዘብ የእኔ ነው። በየወሩ የከፈልኩበት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ምን ያደርግለታል?

የወሩ ስብሰባ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእድሩ ዕቃ ቤት በራፍ ላይ ነው። ከመቶ አርባ አባወራ የሚመጣው ሠላሳ ቢሆን ነው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሽበሺ ናቸው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሥራው ግን ከእሳቸው አልወጣም። ሲናገሩ ደረታቸውን ይነፋሉ፤ ሰው ሲናገር መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ባሌ ኩላሊቱን ታሞ ለመድኃኒት ስለምናቸው «እግዚአብሔር ይማረው» ብለውኝ ነበር። የሞተ ዕለት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ገንዘቡን በፖስታ አድርገው አመጡ። በዚያ ገንዘብ ይድን ነበር አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም።

ተነሥቼ የህሊናን ነገር ተናገርኩ። አቶ ሽበሺ መነጽራቸውን ወለወሉ።

«ወይዘሮ ብርቱካን፣ እናዝናለን። ደንባችን ግን ግልጽ ነው። እድር ለቁም ሰው አይከፍልም።»

«አውቃለሁ። የምጠይቀው የሞቴን ነው። ለእኔ ቀብር የምታወጡትን አሁን ስጡኝና ከመዝገብ ሰርዙኝ። ስሞት ድንኳንም ወንበርም አልፈልግም።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልተቀመጥኩም።

«ታዲያ ማን ሊቀብርሽ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ማዘጋጃ ቤት። ሬሳዬን ሜዳ ላይ አይተወውም፤ ይሸታል።»

«ተይ፣ ሟርት ነው» አሉ አቶ ሽበሺ። «ደግሞ ዛሬ ለጆሮ ከሰጠን ነገ ለጥርስ ይመጡብናል።»

ዘይነብ ተነሣች። «ጋሽ ሽበሺ፣ እስቲ ያንን መነጽር ያውልቁና አጀንዳውን ያንብቡልን።»

«ይኼ ዓይን ነው፤ ሌላ ነገር ነው።»

«አዎ፣ የእርስዎ ነው።»

እድሩ ቢራራ ኖሮ እዚህ ላይ መራራቱን በደስታ እጽፈው ነበር። ያደረጉት ይህ ነው። አቶ ሽበሺ ወደ ጸሐፊው ወደ ምንያህል ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜአለሁ፤ ደግሞ ከልጄ ጋር ስኖር ከንፈር ማየት ለምጃለሁ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለሟች የሚከፈለው ከፍ እንደሚል ቀድሞ ተወስኖ ነበር። እኔ ገና አርባ አንድ ዓመቴ ነው። «አሁን ከከፈልናት በርካሽ ተገላገልናት» ነበር ያሉት። አቶ ሽበሺ ቀና ሲሉ ፊታቸው እንደ ንስሐ አባት ለስልሶ ነበር።

«የእናት ነገር ሆኖብን በልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ገንዘቡን እፈልገዋለሁ።

ምንያህል የወጪ ማዘዣውን አወጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ መሥመር ላይ ካልሆነ ግን አይራመድም። ማዘዣው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እድሩ ከሞት በቀር ለሌላ ነገር ከፍሎ አያውቅማ። የሟች ስም ይላል። ያረፉበት ቀን ይላል። የቀብር ቦታ ይላል።

«ክፍት ከተተወ ኦዲተሩ አይቀበለኝም፣ እትዬ ብርቱካን» አለ።

«ሙላው።»

«ቀኑን የዛሬን አደረግኩት። የቀብር ቦታስ?»

«ገና ነው በል።»

«ገና ነው» ብሎ ጻፈ። ስሜን ግን ራሴ እጽፋለሁ አልኩ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ስሜን ማንም እንዲጽፍልኝ አልፈልግም። አቶ ሽበሺ የቀለሙን ሳጥን እየገፉልኝ «አውራ ጣት ይበቃል፣ አታድክሚን» አሉ።

«ሟች አይቸኩልም» አልኳቸው። ብርቱካን ዳምጤ ብዬ እስክጨርስ ሠላሳው ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ሰኞ ተከፈለኝ። በዕለቱ ይዤው ወደ መሣሪያው ሻጭ ሄድኩ። ሻጩ ገንዘቡን አይቶ «ይኼ ለአንዱ ጆሮ ነው» አለኝ። ሐኪሙ ሁለት ነው ያለው፤ በአንዱ ብቻ ድምፁ ከየት እንደመጣ አታውቅም፣ በክፍል ጫጫታም ትቸገራለች ብሏል። እኔ ግን ሞቴ አንድ ነው። አንዱን አዘዝኩ።

የእድሩ ማዘዣ በሦስት ቅጂ ይሠራል። ቢጫው ለጥሩምባ ነፊው ለበላይነህ ነው። ስብሰባው ዕለት ቱላ ሄዶ ስለነበር ቢጫውን ያገኘው ማክሰኞ ማታ ከዕቃ ቤቱ በር ሥር ነው። የሟች ስም አለ፣ ቀን አለ፣ የሰብሳቢው ማኅተም አለ። በላይነህ ማኅተም ያለበትን ነገር አይጠይቅም። ረቡዕ ማለዳ በራፋችን ላይ ሦስት ጊዜ ነፋ።

ለሥራ ጋውኔን ለብሼ ስወጣ የድንኳኑ ብረት መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከስብሰባው የቀሩት ሞቴን አምነው መጡ። በስብሰባው የነበሩት ደግሞ ሟርቱ ደረሰባት ብለው የባሰ አመኑ። አንዷ ደረቷን እየደቃች ገብታ ከእኔ ጋር ተፋጠጠች፤ እጇ እንደተነሣ ቀረ።

«በላይነህ፣ አለሁ እኮ» አልኩት።

«ወረቀት አለኝ» አለኝ።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የልጅሽ ጆሮ እንዴት ሆነ ብሎ ያን በር ያንኳኳ ሰው የለም። ለሬሳዬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠና ሰው መጣ። እንጨት ተፈለጠ፤ ውኃ በበርሜል ቀረበ፤ ሽንኩርት መከተፍ ተጀመረ። አለመሞቴን የሰሙትም አልሄዱም። ምን ሆኖ ነው እያሉ ተቀመጡ።

ህሊና የነቃችው በዚህ መሃል ነው። ጥሩምባውን አልሰማችም። በመስኮት ድንኳን አየች፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አየች፤ እኔን አላየችም። በሌሊት ልብሷ ወጥታ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ እየሮጠች አፍ አፋቸውን ታያለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ ግማሹ አፉን በነጠላ ሸፍኗል። እኔ ከድንኳኑ ማዶ ነበርኩ። ብጠራት አትሰማኝም። ሰው እየገፋሁ ወንበር እየገለበጥኩ ሄድኩ። ደርሼ ፊቷን በሁለት እጄ እስክይዝ ድረስ ለእሷ እናቷ ሞታለች።

አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። በማየታቸው አላመሰግናቸውም።

አቶ ሽበሺ እየተጣደፉ ደረሱ። «ምን ጉድ ነው? ንቀሉት በሉ!»

ዘይነብ የዓሣ ትሪዋን አጥባ ይዛ የድንኳኑ መግቢያ ላይ ቁጭ ብላለች። «አይነቀልማ፣ ጋሽ ሽበሺ። ደንቡ ድንኳን ከተተከለ ለሟች ቤተሰብ የድንኳን መዋጮ ሳይሰበሰብ አይነቀልም ይላል። እርስዎ ነዎት ያጻፉት፤ ሰው ለቅሶ በልቶ ሳይከፍል ይሄዳል ብለው።»

«እሱ ሟች ሲኖር ነው።»

ዘይነብ ወደ ምንያህል ዞረች። «ሟች አለ ወይስ የለም?»

ምንያህል መዝገቡን ገለጠ። ፊቱ ቀላ። «በመዝገብ ደረጃ አለ» አለ።

«ምንያህል!» አሉ አቶ ሽበሺ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ፈርመውበታል። ሟች የለም ካልን ሰኞ ያወጣነው ገንዘብ ምን ተብሎ ይመዘገባል?»

አቶ ሽበሺ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሳይወለውሉት መልሰው አደረጉት። ምንያህል ስም መጥራት ጀመረ። ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ትሪው ላይ አኖረ። አዝነው ነው ብዬ ራሴን አላሞኝም። ለማይከፍል እጥፍ ቅጣት አለ፤ ቅጣቱን ፈርተው ነው። ለሕያው ልጅ ያልተፈታ ኪስ ለመዝገብ ተፈታ። ለጆሮው ለውጥ የለውም፤ ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው። የጎደለውን ጥቂት ዘይነብ ሞላችው፤ ቅጣት ሳይኖርባት። ሁለተኛውንም አዘዝኩ።

ሁለቱም መሣሪያዎች ከተገጠሙላት በኋላ የነበሩትን ሳምንቶች በጭንቀት አሳለፍኳቸው። ህሊና ራሴን አመመኝ ትላለች፤ የወንበር መንቋቋት ያስደነግጣታል፤ አውልቃ ጠረጴዛ ላይ ታኖራቸዋለች። በከንቱ ሞትኩ እንዴ እላለሁ። ሐኪሙ ጆሮ መስማትን እንደገና ይማራል፣ ታገሺ አለኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ፊደል እየቆጠርኩ ነውና ታገሥኩ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ እሑድ አቶ ሽበሺና ምንያህል በሬን አንኳኩ። መዝገብ ይዘዋል።

«ወይዘሮ ብርቱካን፣ ነገሩን እናስተካክል» አሉ አቶ ሽበሺ። «ሰው ያለ እድር አይኖርም። እንደ አዲስ አባል የመግቢያ ከፍለሽ ትመለሻለሽ።»

ምንያህል ጉሮሮውን ጠረገ። «ውዝፍም አለ፣ እትዬ። ካረፉ ወዲህ ያልከፈሉት የሁለት ወር።»

«ሟች ውዝፍ አለባት?»

«ኦዲተሩ ጠይቆኝ ነው።»

አቶ ሽበሺ ትዕግሥታቸው አለቀ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ሰፈር ሰላም፣ ስለ ደንብ፣ ስለ ውለታ ማውራት ጀመሩ። ህሊና ጓዳ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታን ዕቃ እያጠበች ነበር። ውኃው ይንቧቧል፤ ሳህኑ ይጋጫል።

«እማዬ» አለች ሳትዞር። «ሞታለች በያቸውና ይሂዱ። ደግሞ አይጩሁ፤ ጆሮዬን አመሙኝ።»

አቶ ሽበሺ ወደ ጀርባዋ አዩ። ምንያህል የሚጽፈው ጠፍቶት እስክሪብቶውን ዘጋ።

እኔም በሩን ዘጋሁት፤ ቀስ ብዬ።