የአለቃው ብርድ

ጠዋት ነው፤ አራቱ ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። የኮከብ መመልከቻው አለቃ በሦስቱ ላይ ጣታቸውን አሳልፈው አራተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፦ ድምቀቷ ከፍ ዝቅ የሚል አንዲት ኮከብን ድምቀታቸው ከማይለወጥ ጎረቤቶቿ ጋር በዓይን እያስተያዩ ቁጥር መጻፍ።

«እኔና ሁለቱ ተመልካቾች ሰባት ነጥብ አራት ብለናል» አሏት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን። «እህትሽ ብቻ ስምንት! ወር ሙሉ እንዲሁ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ትውረድና መስታወት ትወልውል።»

ሠራተኛዋ መስማት ለተሳናት ታናሿ በእጇ ነገረቻት። ታናሺቱ ክው አለች። ዘጠኝ ዓመት ሰገነቱ ላይ ቴሌስኮፑ ሥር ቆማለች፤ ሌላ ቦታ ተመኝታም አታውቅ። ሦስቱን ደብተሮች ወደ ራሷ ሳበች። የወሩ ቁጥር ሁሉ በነጥብ እንኳ አይለያይም።

«እትዬ» አለች በጣቶቿ፣ «አለቃ ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ ባነሱ ቁጥር በምንጽፍባት ቀይ መብራት አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ምን እያሉ ነው?»

«ቁጥራቸውን እያወጁ ነዋ! እታች ዘበኛው ድረስ ይሰማል።»

«ቁጥር? እኔ እኮ ብርዱን የሚራገሙ መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት ሳዝንላቸው ኖርኩ!»

ታላቂቱን ሳቅ አፈናት፤ ነገሩም ገባት።

«ምን አለች?» አሉ አለቃው።

«ለአንድ ሌሊት ሁሉም አፉን ዘግቶ ይጻፍ ትላለች።»

«እኔም?»

«በተለይ እርስዎ፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ደብተሮቹ ተገለጡ። የእሷ ስምንት። የሁለቱ ተመልካቾች ስምንትና ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። የአለቃው ሰባት ነጥብ አራት። ተመልካቾቹ ኮርኒሱን ያዩ ጀመር። አለቃው የሰማይ ካርታውን ዘርግተው ነጥቦቹን አንድ በአንድ ተከተሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን አከኩ። ወር ሙሉ ኮከቧን ሲያስተያዩ የኖሩት ከተሳሳተች ጎረቤት ጋር ነበር። ሁለቱ ደግሞ ዓይናቸውን ትተው ጆሯቸውን አምነዋል።

አለቃው ቀይ እርሳስ አንስተው የወሩን ሦስት ዓምዶች ሰረዙ፤ ከራሳቸው ጀመሩ። የእሷ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰገነቱ ላይ ቁጥር የሚያወጣ አፍ የለም። በሦስተኛው ሌሊት አለቃው ከቴሌስኮፑ ቀና ብለው ወደ እሷ ዞሩ፤ ሁለት ጡጫቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ተንቀጠቀጡ። ከታላቂቱ የተማሩት የመጀመሪያ የእጅ ቃል ነው፦ ብርድ።

አሁንስ የምር አዘነችላቸው። ሻርፗን ፈትታ ሰጠቻቸውና ወደ ኮከቧ ተመለሰች።