ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

መጋረጃ ሰፊው መኪናውን በሁለት መንገደኞች አስገፍቶ ጋራዡ ደጃፍ ሲደርስ፣ ገፊዎቹን ማመስገኑን ትቶ መኪናውን ይራገም ነበር።

«ጠዋት ጠዋት እንደ ፈረስ ትጋልባለች፤ ሞቅ ሲላት ደግሞ መንገድ መሃል ክችች! ይቺ ቢጫ መብራትም ዓይኗን ታፈጥብኛለች። አንዱ መካኒክ ካንዴላ ቀየረ፣ ሌላው ባትሪ ቀየረ። ያልተቀየርኩት እኔ ብቻ ነኝ!»

የጋራዡ ባለቤት ካቻቢቴዋን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ሰክታ ብቅ አለች። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። በመንገዱ ላይ ሁሉም የሚያውቃት «ታናሽየዋ» በሚል ነው። «ታላቅየዋ» ደግሞ እህቷ ናት፤ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቷ፣ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏል። ዝምታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እነሱ ግን በደንበኛ አፍ ይሰዳደባሉ።

ታናሽየዋ መኪናውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። አባቷ ከነበራቸው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። አባታቸው መካኒክ ነበሩ። ሁለቱም ልጆች ሙያ የለመዱት በዚያ መኪና ኮፈን ሥር፣ አንዷ የእጅ ባትሪ እያበራች ሌላዋ የወደቀ ቡሎን እየለቀመች ነው። በኋላ ታናሽየዋ ሆስፒታል ገብታ ልጅ በተገላገለችበት ሳምንት፣ ታላቅየዋ መኪናውን አስፈትታ ለመለዋወጫ ሸጠችው። አባትየው ከዚያ ወዲያ ብዙም አልሰነበቱም። «አባባን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ!» አለቻት ታናሽየዋ በቀብሩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ነገሩ ያኔ ተበጠሰ።

«ቁልፉን ይስጡኝ፣ ጋሼ» አለችው ሰፊውን።

እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና የዛሬውን መመርመሪያ ማሽን አይቀበልም፤ ሶኬቱም አይገጥምም። ታናሽየዋ አጭር ሽቦ አምጥታ ከኮፈኑ ሥር ያለች ትንሽ ሶኬት ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎችን አገናኘችና ቁልፉን ከፈተች። ቢጫው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ብልጭ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። እሷ በከንፈሯ እየቆጠረች ተከተለችው።

«የክራንክ ሴንሰር ነው ይለኛል» አለች። «ግን መብራት የተናገረውን ሁሉ አላምንም። ሽቦው ቢበጠስም ያንኑ ነው የሚለው። እስኪጠፋ ድረስ እናሙቀው።»

ሞተሩን አስነስታ አጠገቡ ቆመች። ሰፊው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። መኪናው ሲሞቅ ቆይቶ ድንገት፣ ሳይንቀጠቀጥ ሳያስል፣ ጸጥ አለ። ታናሽየዋ ቤንዚን መምጣቱን አየች፤ ይመጣል። የካንዴላ ሽቦ ነቅላ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አስመታች፤ የእሳት ብልጭታ የለም። ከዚያ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነከረችና ከሞተሩ ጀርባ ሴንሰሩ ያለበት ጥግ ላይ ጠቅጥቃ ያዘችው። ጥቂት ቆይታ ቁልፉን ስታዞረው፣ መኪናው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ።

«አስማት ነው እንዴ?» አለ ሰፊው።

«ምን አስማት አለው! ይቺ ዕቃ የሞተሩን ዙር እየተከታተለች ‹አሁን እሳት ስጥ› የምትል ናት። ስትሞቅ ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ ይላቀቃል፣ ስትበርድ መልሶ ይገናኛል። እሷ ዝም ካለች ሞተሩም ዝም ነው። መቀየር አለባት።»

«ቀይሪያታ!»

«አሁን አይመረትም። ገበያ ላይ ያለው ኮፒ ነው፤ ሳምንት አይቆይም። ኦሪጅናሉ...» ቀና ሳትል በአገጯ ወደ ማዶ ጠቆመች። «እዚያ ካልተገኘ የትም አይገኝም። ብቻ እኔ እንደላክኩዎት እንዳይናገሩ።»

የሰፊው ሆድ ግን ወሬ አይቋጥርም።

የታላቅየዋ ሱቅ ከወለል እስከ ጣሪያ ብረት ነው። የመኪና መብራቶች በመደርደሪያው ላይ እንደ ዓይን ተደርድረዋል፤ አየሩ የቆየ ዘይትና ጎማ ይሸታል። ታላቅየዋ ሰፊውን ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«ክራንክ ሴንሰር ነው ያለዎት ማነው?»

«እህትሽ።»

«እህት የለኝም። ማዶ ያሉትን እመቤት ከሆነ የሚሉኝ፣ እሳቸው ሁሉም ነገር ሴንሰር ነው የሚመስላቸው። ጥርስዎን ቢያምዎትም ሴንሰር ነው ይሉዎታል።»

ከተጣሉ ወዲህ ታናሿን የምትጠራት በአንቱታ ነው። አንቱታው ከስድብ ይብስ ነበር።

«ጨርቅ በውሃ ነክራ አስነስታ አሳይታኛለች እኮ!»

«ጨርቅ መንከርማ እርስዎም አያቅትዎትም፤ መጋረጃ ሰፊ አይደሉ?»

በልቧ ግን ምርመራው ልክ መሆኑን አውቃለች። ሴንሰሩም አላት። ከመሳቢያዎቹ ሁሉ ታችኛው ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ለማንም አሳይታው አታውቅም። አሁን አውጥታ ለዚያች ሴት ስም ማሳመሪያ ልታደርገው?

«እንዲህ ያለ ዕቃ የለኝም» አለች። «እኔን ከሰሙኝ የቤንዚን ፓምፑ ነው የደከመው። በዚህ ዕድሜው ሲሞቅ መግፋት ያቅተዋል።»

አነጋገሯ ረጋ ያለ ነበር፤ ሰፊውም አመናት። ፓምፑን ከእሷ ገዝቶ ሌላ ቦታ አስገጠመ። ለጥቂት ቀናት አየሩ ደመናማና ቀዝቃዛ ስለነበር መኪናው አንዴም አልጠፋም። ሰፊውም በታናሽየዋ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር «የሴንሰርሽ ነገር!» እያለ ጥሩንባውን ያስጮህባት ጀመር።

ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ የመጋረጃ ጥቅል ሊያደርስ ሲሄድ አደባባይ መሃል ሞተሩ ጠፋ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደው። ከኋላው የነበረው የጭነት መኪና ፍሬን ቢይዝም አልቆመለትም። የመኪናው ኋላ ተጨረማመተ፤ ሚስትየው ግንባሯ ከዳሽቦርዱ ተላትሞ ተሰነጠቀ።

በማግስቱ ሰፊው መኪናውን በሌላ መኪና አስጎትቶ መጣ። ሸሚዙ እጅጌ ላይ ያለው ደም ገና አልታጠበም ነበር።

«ሴንሰር መሆኑን ካወቅሽ ለምን ቁልፌን አልቀማሽኝም?» ብሎ ጮኸ። «ለምን መንገድ ላይ ለቀቅሽኝ? ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

«ልኬዎት አልነበር? ፓምፕ ነው ያለዎት ማነው?»

ሰፊው በእጁ ወደ ማዶ ጠቆመ።

ታናሽየዋ ፒንሳዋን ወረወረችና አስፋልቱን ተሻገረች። አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እያስጮኸ አፍንጫዋ ሥር አለፈ፤ ዞር ብላም አላየችው። ሰፊው ከኋላዋ ተከተለ።

«ፓምፕ ነው ብለሽ የሰደድሽው አንቺ ነሽ?»

ታላቅየዋ ታናሿን ሱቋ ውስጥ ስታይ መጀመሪያ የሳቀች መሰለች። ከዚያ የሰፊውን እጅጌ አየች።

«ምን ሆነ?»

«ሚስቱ ግንባሯ ተሰፍቷል። አንቺ በሸጥሽው ፓምፕ!»

ታላቅየዋ መነጽሯን አወለቀች። «ተረፉ?» አለችው ሰፊውን፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«ተርፋለች። የአንቺ ምላስ ግን ሊገድላት ነበር!»

«ሴንሰሩ አለሽ» አለች ታናሽየዋ። «የአባባን መኪና በልተሽ ሴንሰሩን አትጥይም። አዲስ ነበር፣ እኔ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። አውጪው!»

ታላቅየዋ ጎንበስ ብላ ታችኛውን መሳቢያ ሳበች። በጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ ጣለችው።

«እርስዎ የገጠሙት ከመኪናው ጋር ሄዷል። ይህ ከዚያ በፊት የነበረው ነው።»

ታናሽየዋ ጨርቁን ፈታችና ግራ ተጋባች። አባቷ አንድ ቀን ስልክ ደውለው መኪናው አልነሳ አለኝ ብለዋት ነበር። ኮፈኑን ስትከፍት የሴንሰሩ ቦታ ባዶውን ነበር። «ሌባ ፈቶ ወስዶት ነው» ተባብለው ሌባውን አብረው ረግመውት ነበር።

«ይህ እኮ የተሰረቀው...»

«ሌባዋ እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«አባባ በጎን በኩል ማየት ካቆሙ ዓመት አልፏቸው ነበር። የጎረቤቱን ግንብ የጣለው ማን መሰለሽ? ዝናብ? ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ሲሻገሩ፣ አላዩዋቸውም። አላዩዋቸውም እኮ! የእጅ ፍሬኑን ጎትቼ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቁልፍ ደበቅኩ፤ አንቺ ሌላ አስቀረጽሽላቸው። ባትሪ ነቀልኩ፤ አንቺ ባትሪ ይዘሽ መጣሽ። ይህንን ፈታሁ፤ አንቺ ከየት እንዳገኘሽው እንጃ፣ አዲስ አምጥተሽ ገጠምሽ። ‹ታናሽሽ ብልህ ናት፣ አንቺ ግን ምቀኛ ነሽ› አሉኝ። እኔ ባጠፋሁ ቁጥር አንቺ ታስነሻለሽ!» ታላቅየዋ ሳታውቀው አንቱታውን ጥላው ነበር። «በሌለሽበት ሳምንት ባላስፈታው ኖሮ መቼ ላስፈታው ነበር?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ። ‹መንዳት ከተውማ ይሞታሉ› አልሽኝ። ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

ታናሽየዋ ብላ ነበር።

«መንዳት ተዉ፣ ሞቱም። ሾርባ የማጎርሳቸው እኔ፣ የሚጣሩት አንቺን። ገላቸውን የማጥበው እኔ፣ ‹ልጄ መጣች?› የሚሉት ስላንቺ። በዚያ ላይ አንቺ መቃብራቸው አፋፍ ላይ ቆመሽ ገዳይ አልሽኝ።»

ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «አባታችሁን ነፍስ ይማር። እኔ ግን የመጣሁት ለመኪናዬ ነው።»

ታናሽየዋ ሴንሰሩን በእጇ አገላበጠችው። ስትናገር ግን አልለዘበችም።

«በአባባ ነገር የተናገርሽው እውነት ነው። እኔ የማደርገውን አላወቅኩም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ፣ አላወቅኩም። አንቺ ግን ይህን ሰውዬ ስትልኪው አውቀሽ ነው።»

«አዎ» አለች ታላቅየዋ። «አውቄ ነው።» ከዚያ ወደ ሰፊው ዞራ፣ «የመኪናውን ኋላ እኔ አሠራዋለሁ፣ ጋሼ» አለችው።

«የሚስቴን ግንባርስ?» አለ ሰፊው። «እሱንም ታሠሪዋለሽ? ሁለታችሁም ክፉ ናችሁ! አንዳችሁ ከአንዳችሁ አትሻሉም!»

ታናሽየዋ ሴንሰሩን በዚያው ቀን ገጠመችው። ፀሐይ ላይ አቁማ ሞተሩን አስነሳችና አሞቀችው። ሰፊው እጁን አጣምሮ፣ ለመጮህ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ማዶ ታላቅየዋ የሱቋን በር ተደግፋ ትመለከታለች። ሞተሩ ጋለ፣ ማራገቢያው ተነስቶ ጮኸ፣ እንደገና ዝም አለ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ቢጫው መብራትም አልበራም። ሰፊው የሚጮህበት ነገር ሲያጣ የባሰ ተናደደ።

«ይቺ መኪና ቆማ ብትበሰብስ እንኳ ሁለተኛ እዚህ መንገድ አልመጣም!» ብሎ በሩን ወርውሮ ዘጋና ሄደ።

እህትማማቾቹ አስፋልቱን መሃል አድርገው ተያዩ። ታናሽየዋ አንድ ነገር ማለት ፈለገች፤ ይቅርታ ይሁን ስድብ ራሷም አልለየችውም። ታላቅየዋ አልጠበቀቻትም። ጀርባዋን ሰጥታ ገባች።

ከዚያ በኋላ ታናሽየዋ እንደ ድሮው በሙሉ ልቧ መጥላት አቃታት። ደንበኛ የማዶዋን ሴት ሲያማላት፣ አፏ የለመደውን ሊል ይነሳና መሃል ላይ አባቷ ሳያዩዋቸው የሚሻገሩት ልጆች ይመጡባታል። ይህም እህቷን እንድትወዳት አላደረጋትም። እንዲያውም አንዳንዴ፣ እውነቱን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀብራ በመያዟ ብቻ አንቃ ብትጥላት ደስ የሚላት ይመስላታል።

ታላቅየዋ ሰፊው ቤት ሄዳ እንደነበር ታናሽየዋ ሰማች። መጀመሪያ ሰፊው ከበር መልሷታል። ሌላ ጊዜ ስትሄድ ራሷ ሚስትየው አስገብታ አስቀምጣት፣ የተሰፋውን ግንባሯን አሳይታት፣ የልቧን ተናግራ አሰናብታታለች አሉ። ስትወጣ ያዩዋት ሰዎች ፊቷ አመድ መስሎ ነበር ይላሉ።

ወሩ ሳያልቅ የጋራዡ ስልክ ጮኸ። ታናሽየዋ በዘይት በተለወሰ እጇ አነሳችው።

«አንድ ነገረኛ ሰውዬ ልኬብሻለሁ» አለ የታላቅየዋ ድምፅ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «መኪናው ከእሱ ታረጃለች። ቀይ መብራት በራብኝ ይላል። ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል፤ ግን ምንም አላልኩትም። አንቺ እይው።»

«እሺ» አለች ታናሽየዋ።

ስልኩ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። እጇን በጨርቅ ጠርጋ ስትወጣ፣ አንድ የዛገ መኪና ጭስ እየተፋ ወደ ደጃፉ ይታጠፋል። ሾፌሩ ገና ሳይቆም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መጮህ ጀምሮ ነበር።

«መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉት!» ብላ ጮኸችበት እሷም።