የማህሌት ላም

ማህሌት ከሞተር ብስክሌቱ ወርዳ የዙሌይካን እጅ ጎተተች። "አዮ፣ እናቴ፣ ተነሺ እንጂ! ሞያሌ የመጡት የዓይን ሐኪሞች ዛሬ ጨርሰው ይሄዳሉ።"

"ዳክታሪ ይሂድ። ላሟ ልትወልድ ነው" አለች አሮጊቷ ከበረቱ አጥር ሳትነቃነቅ።

ሾፌሩ ጅሎ የቦዳ ቦዳውን፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱን፣ ሞተር አጠፋ። ከሞያሌ ኡራን ድረስ አቧራ ሲቅሙ የመጡት ለዚህ መልስ ነበር።

ዙሌይካ ሞያሌ ላለው የማህሌት እናት ሆቴል ለዓመታት ወተት ስታቀርብ የኖረች ሴት ናት። አሁን ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው የሰው ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። እነዚህ ሐኪሞች ካመለጧት መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም።

"ለመሆኑ ከዓይንሽ ላም ትበልጣለች?" አለች ማህሌት ተናዳ።

"የኔ ብትሆን ትቼያት እሄድ ነበር። ያንቺ ናት እኮ።"

ማህሌት ወደ በረቱ አጮልቃ ላሟን አየች።

ግጭት ሞያሌን ሲያምሳት ማህሌት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ብዙወርቅ ተኩሱ ሲቀርብ አንድ ልጇን ለዙሌይካ አስረክባ፣ በጭነት መኪና ወደ ኡራን ሰደደቻት። እማዬ እያለች አላስቀምጥ አላስተኛ ስትል የዙሌይካ ባል ጋልማ እጇን ይዞ በረት አስገባት። መዳፏን ከአንዲት ቀይ ጥጃ አንገት ላይ አኖረና፣ "ይቺ ያንቺ ናት። ከብት ያለው ሰው አያለቅስም" አላት። እሷም እውነት መስሏት እንባዋን ጠረገች። እስክትመለስ ድረስ ከጥጃዋ ላይ መዥገር ስትለቅም ዋለች። ስታድግ ግን ነገሩ ማባበያ እንደነበረ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት።

"ይቺ የዚያች ጥጃ የልጅ ልጅ ናት" አለች ዙሌይካ። "ጋልማ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው።"

"በድርቁ ጊዜ ከብቶችሽ አልቀው የለም እንዴ?"

"የኔዎቹ አለቁ።"

ጅሎ በአገጩ ወደ ጎጆው አመለከተ። "የቤቷን ክዳን ሳር እየነቀለች አበላቻት። ሰው ሁሉ አብዳለች ብሎ ነበር።"

ማህሌት ቀና አለች። ጣሪያው ላይ ሳር የለም፤ የተቀዳደደ ሸራ ነው የተወጠረበት። ከተማ ውስጥ በምስክር ፊት የተፈረመ ውል ይካዳል። እዚህ ግን ለሚያለቅስ ልጅ የተባለ ቃል ድርቁንም ሞቱንም አልፎ፣ ሆዱ ተወጥሮ ፊቷ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያን የገባች ይመስል ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"እንግዲያው መልሼ ሰጥቼሻለሁ። ሂጂ በቃ።"

"የተሰጠ ከብት አይመለስም፣ ልጄ። ጋልማን ምን ልለው ነው?"

ማህሌት ጫማዋን አወለቀች። "ባለቤቷ እኔ ከሆንኩ እኔው እጠብቃታለሁ።"

ዙሌይካ በእጇ ዳብሳ ምርኩዟን አነሳች። "ምጡ ካስጨነቃት ጎረቤታችንን ደበላን ጥሪው" አለች። ጅሎ ደግፎ አፈናጠጣት።

ሞተሩ ሲርቅ ማህሌት እናቷ ጋ ደወለች። "እማዬ፣ ዙሌይካ ወደ አንቺ እየመጣች ነው። ሐኪሞቹ ጋ አድርሰሻት ስትመለሱ የኔ አልጋ ላይ አስተኚያት።"

"አንቺስ?" አለች ብዙወርቅ።

"እኔማ ላሜ ልትወልድ ነው።"