የእናት ስም የሚጠይቅ ባንክ

ገበያነሽ ከጎተራ ተነስታ ካዛንቺስ ድረስ የመጣችው ጎተራ ባንክ ጠፍቶ አይደለም። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባንኮቹ እንደ ሱቅ ተደርድረዋል። ግን ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬና ሽሮ ስትሸጥ የኖረችው ካዛንቺስ ነው፤ ሰፈሩ ለልማት ተነስቶ እሷም ጎተራ ከገባች ወዲህ እንኳ፣ ቁም ነገር ያለው ጉዳይ ሲገጥማት እግሯ ወደ ድሮው መንደር ያደላል። «ገንዘብ የሚቀመጠው በሚያውቁት ሰፈር ነው» ትላለች። የምታውቀው ሰፈር ግን የለም። ቤቷ የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኖ ወጣቶች ፎቶ ይነሱበታል። ባንኩም ቢሆን አዲሱ ሕንፃ ሥር ገና በቅርቡ የተከፈተ ቅርንጫፍ ነው። ያም ሆኖ የካዛንቺስ አየር የካዛንቺስ አየር ነው።

የመጣችበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ጎተራ ውስጥ ለባልትና ሻጮች ከተሠሩት ሼዶች አንዱ በዕጣ ደርሷታል። ዕጣ የደረሰው ሁሉ በራሱ ስም የባንክ ሂሳብ ከፍቶ፣ ቁጥሩን ዛሬ ቢሮው ሳይዘጋ ካላቀረበ ቦታው ለተጠባባቂ ይተላለፋል ተብሏል። ተጠባባቂው ደግሞ እንደ አሸን ነው። ገበያነሽ እስከ ዛሬ ያላትን በእቁብ ስታዞር፣ የተረፈውንም በልጇ በፍሬሰላም ስም ስታስቀምጥ ስለኖረች በራሷ ስም የባንክ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ነገ ነገ ስትል የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሼዱን ደግሞ ማጣት አትፈልግም። ከካዛንቺስ ከወጣች ጀምሮ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ሥራ ለለመደ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ከበሽታ አይተናነስም።

ተራዋን እየጠበቀች ሳለ ዞር ስትል ከኋላዋ ሸዋአየሁ ተቀምጣለች።

«እንዴት ዋልሽ» አለች ሸዋአየሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ገበያነሽ፣ ፊቷንም ወዲያው መለሰች።

በሁለቱ መካከል የተረፈው ይኸው ነው። ድሮ ግድግዳ ለግድግዳ ሆነው ባልትና ሲሸጡ እሳትና ጨው የሚዋዋሱ ጎረቤታሞች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው በአንድ ክረምት ነው። የገበያነሽ በርበሬ ሻገተ፤ ደንበኛዋ ሁሉ ወደ ሸዋአየሁ ዞረ። በዚያው ሰሞን «ሸዋአየሁ ከአንድ አዋቂ ግቢ ስትወጣ ታየች» ተባለ። ማን አየ ቢባል የሚታወቅ ሰው የለም። ወሬ ሲመጣ ባለቤቱን ይዞ አይመጣም።

ገበያነሽ በጠንቋይ አታምንም። የንስሐ አባቷ ይህን ነገር ሲሰሙ «ልጄ፣ ማመንም መፍራትም ያው አንድ ነው» ብለው ገሥጸዋታል። እሷም «አባቴ፣ እኔ እጠነቀቃለሁ እንጂ አላምንም» ብላ መስቀላቸውን ተሳልማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የተጠነቀቀችው ከሸዋአየሁ ነው። እነሆ ሸዋአየሁም ሼድ ደርሷት፣ ለዚያው ጉዳይ፣ እዚያው ባንክ መጥታለች። እሷንም እግሯ ወደ ካዛንቺስ ሳይጎትታት አልቀረም።

ተራዋ ደረሰና ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። የምታስተናግደው ሂጃብ የለበሰች፣ ፈገግታ የማያልቅባት ወጣት ናት፤ ደረቷ ላይ «ሰብሪና» የሚል ስም ተለጥፏል። ቀጣዩ ባለተራ የሚቀመጥባት ወንበር ከገበያነሽ ጀርባ፣ እጅ ቢዘረጋ የምትደረስ ናት። ሸዋአየሁ መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ፋይዳ ይዘዋል?»

«ይኸው።»

«የጋብቻ ሁኔታ?»

«ባሌ አርፏል።»

«ነፍስ ይማር» አለች ሰብሪና፣ እየጻፈች። «የትምህርት ደረጃ?»

«ፊደል ቆጥሬያለሁ። ዳዊት ጀምሬ መሀል ላይ ስደርስ ተዳርኩ።»

«ዳዊት የሚል ምርጫ የለውም። ማንበብና መጻፍ ልበለው?»

«በይው። ዳዊት ግን ይበልጣል።»

«ይበልጣል። የገቢ ምንጭ?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱማ ለሁላችንም ነው እናቴ። ማለቴ፣ በምን በኩል ነው የሚሰጥዎ?»

«በበርበሬ።»

ሰብሪና ሳቀች፤ ገበያነሽም ፈገግ አለች። ባንክ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ቀደም ብላ በመጣች ነበር።

«የእናት ሙሉ ስም?»

ገበያነሽ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ጀርባዋ ላይ የሸዋአየሁ ትንፋሽ ያረፈ መሰላት።

«የእናቴ ስም ለናንተ ምን ያደርግላችኋል?»

«ሲስተሙ ይጠይቃል።»

«እኔ የማውቀው የእናት ስም የሚጠይቅ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ባንክ አይቀጠርም።»

ሰብሪና ግር ብሏት አየቻት። ልጅ ናት፤ አልደረሰችበትም። መተት የሚያሠራ ሰው አዋቂ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የጠላቱን ስም ከነእናቱ ነው ይባላል። በአባቱ ስም የሚጠራ ሞክሼ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ እናት ከተጨመረች ግን ክፉው ነገር ቤት አይስትም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው የእናቱን ስም እንደ ሳጥን ቁልፍ ጉያው ይሸጉጣል እንጂ በሰው ፊት አያንቃጭልም። መተት ያሠራብኛል ብሎ የሚጠረጥረው ሰው ከኋላው ተቀምጦ እያለማ ጨርሶ አይሞክረውም።

«ዝለይው» አለች ገበያነሽ።

«አይዘለልም፣ ማንዳተሪ ነው። ካልሞላሁት ቀጣዩን ገጽ አይከፍትልኝም።»

«እንግዲያው እናቴ እመቤታችን ናት። እሷን ጻፊ።»

ሰብሪና ክርክር የማትወድ ልጅ ናት። ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሰናድታ «እሺ፣ እመቤት። የአባታቸውስ ስም?» አለች።

«ተይው፣ ተይው፣ እንዳትጽፊ» አለች ገበያነሽ ደንግጣ። ከታች «የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው» ብላ ልትፈርም፣ እመቤታችንን የሐሰት ምስክር ልታደርጋት ነው እንዴ።

ሰብሪና ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «እናቴ፣ ልንገርዎ። ስልክዎ ቢጠፋብዎትና አንዷ ተነስታ ‹ገበያነሽ ነኝ፣ ሂሳቤን ክፈቱልኝ› ብትል በምን እንለያታለን? የእናትሽ ስም ማነው እንላታለን። ሌላ ሰው አያውቀውማ።»

«ሌላ ሰው እንዳያውቀው ብዬ እኮ ነው የማልናገረው።»

«እኔም ሌላ ሰው ስለማያውቀው ነው የምጠይቅዎ።»

አንድ ነገር እየተናገሩ አለመስማማት እንዲህ ነው።

«በቃ፣ በጆሮዬ ይንገሩኝ» አለች ሰብሪና። ገበያነሽ አንገቷን አሰገገች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ከውጭ ጄኔሬተሩ ይንጫጫል።

«እ?»

ደገመች።

«አልሰማሁም እናቴ። ትንሽ ጮክ ይበሉ።»

ገበያነሽ ዘወር ስትል ሸዋአየሁ ጣሪያውን እያየች ነው፤ ጆሮ ግን ጣሪያ አያይም። መታወቂያዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ይቅርብኝ።»

«ውይ እናቴ፣ ይሄን ያህል መጥተው?»

«ይቅርብኝ አልኩ። እግዚአብሔር ያውቃል።» ብድግ አለች። እግሮቿ ግን አልተንቀሳቀሱም። አራተኛው ፎቅ ታያት፤ መስኮቱ፣ መንገዱ፣ ቀትር ላይ ሳትሸጥ የምትውለው ገበያነሽ። ሼዱን ነገ ሌላ ሰው ይከፍተዋል፤ የሌላ ሰው በርበሬ ይሸትበታል።

«ገበያነሽ፣ ቁጭ በይ።»

የተናገረችው ሸዋአየሁ ናት። ገበያነሽ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፏ ከሰማች ዘመን አልፏታል።

«በእኔ ምክንያት ከሆነ ስሙን አውቀዋለሁ» አለች ሸዋአየሁ።

«ከየት ታውቂዋለሽ?»

«እናትሽ ያረፈች ዕለት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ካዛንቺስን ሲዞር ምን እያለ ነበር የዞረው? ስሟን ከነአባቷ ሲጠራ ኡራኤል ድረስ ተሰምቷል። ፍትሐቱ ላይስ የክርስትና ስሟ ሲጠራ ከአስከሬኑ ራስጌ ማን ቆሞ ነበር?»

ገበያነሽ አሰበች። «አንቺ።»

«እኔ። ሰልስት እስኪወጣ ከድንኳኑ አልተለየሁም። ንፍሮውን የቀቀልኩት እንኳ እኔ ነኝ።»

«ስሙን ሰምተሽ ረስተሽዋል እንግዲህ።»

«ልጥራው?»

«እንዳትጠሪው።»

ሸዋአየሁ እያቃሰተች ተነሳች፣ ጉልበቷን ይዛ ጠጋ አለችና በገበያነሽ ጆሮ ጠራችው። ስሙን እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ልክ ነበር። የአያትየው ስም ልክ ነበር፣ የክርስትና ስሟም ልክ ነበር፤ ቤት ውስጥ ብቻ የምትጠራበትን የቁልምጫ ስሟን እንኳ ጨመረችበት።

ገበያነሽ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተመለሰች። ይህን ሁሉ ዘመን ሳጥኑን ቆልፋ ስትጠብቅ ሌላው ቁልፍ ከጎረቤት ዘንድ ኖሯል። ሳጥኑም አልተነካም። ልጇ ደህና ናት፤ እሷም ከደም ግፊት በቀር ደህና ናት፤ እሱም ከጨው ነው ብሏታል ሐኪሙ።

«መድኃኒት ላሠራብሽ ብፈልግ እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠኝ?» አለች ሸዋአየሁ።

«በርበሬዬስ? በርበሬዬ ለምን ሻገተ?»

«ሳይደርቅ አስፈጭተሽው ነዋ። ያን ክረምት ፀሐይ የት ነበረ? እኔ የኔን ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጌ ነው ወፍጮ የላክሁት። ልነግርሽ ስመጣ ኩርፊያሽ አላስጠጋኝም።»

ገበያነሽ የዚያን ክረምት በርበሬ አስታወሰች። እውነት ነው፣ ቆንጥጣ ስታየው ይታጠፍ ነበር እንጂ አይሰበርም ነበር። ደንበኛ እንዳይጠፋባት ብላ አጣደፈችው።

«አዋቂው ግቢስ? ስትወጪ ታይተሻል ተብሏል።»

«ለጉልበቴ ወጌሻ ቤት ነው የሄድኩት። ወጌሻውና ጠንቋዩ አንድ ግቢ ተከራይተው ቢኖሩ እኔ ምን ላድርግ?»

ሰብሪና ጉሮሮዋን ጠረገች። «እናቶቼ፣ ይቅርታ፣ ሲስተሙ ታይም አውት አድርጎ ሊዘጋብኝ ነው።»

ገበያነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ የእናቷን ስም፣ ደጅ ቆሞ ባለቤት እንደሚጠራ ሰው ባለ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋ ጠራችው። ስታስበው ከለቅሶው ወዲህ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ደስ የሚል ስም ነው። ሰብሪና ጻፈችው፤ ቀጣዩ ገጽ ተከፈተ፤ ማተሚያው ጮኸ። ገበያነሽ ፈረመች፣ የሂሳብ ቁጥሯ ያለበትን ወረቀትም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አብረን ነው የምንሄደው፤ እጠብቅሻለሁ» አለቻት ሸዋአየሁን፣ ከኋላ ወዳለችው ወንበርም ተዛወረች።

ሸዋአየሁ ተቀመጠች። መታወቂያ ሰጠች። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሰባተኛ ክፍል አቋረጥኩ አለች። ገቢዋንም እንደ ገበያነሽ ከእግዚአብሔር ጀምራ በርበሬ ላይ አደረሰችው።

«የእናት ሙሉ ስም?»

ሸዋአየሁ ጉልበቷን አሸች። ነጠላዋን ፈታች፣ መልሳ አጣፋች። የእሷ እናት ያረፈችው መንዝ ነው፤ ስሟን እየጠራ ካዛንቺስን የዞረ ጥሩምባ ነፊ የለም።

«ገበያ» አለች ሳትዞር።

«ምነው?»

«ውሃ አልጠማሽም?»

«አልጠማኝም።»

«ደጅ ወጣ ብለሽ ውሃ ብትገዢስ?»

ለገበያነሽ ነገሩ የገባት አሁን ነው። ምላሷ ላይ አንድ ሁለት ነገር መጣ፤ ሁለቱም የሚያቆስሉ ነበሩ። የንስሐ አባቷ ትዝ አሏትና ዋጠቻቸው። ሳቋን ግን መዋጥ አቃታት።

«ይሁን፣ ለሁለታችንም ልግዛ» ብላ ተነሳች።

ውሃውን ከበሩ አጠገብ ካለችው ሱቅ ገዛችና ደጁ ላይ ቆመች። በሩ ሙሉ መስተዋት ነው። ሸዋአየሁ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብላ፣ እጇን በአፏ ዙሪያ አጥር አድርጋ ወደ ሰብሪና ስትጠጋ ይታያል። አጥሩ ግን በበሩ በኩል አልተዘጋም፤ ትኩር ብሎ ላየ ሰው ከከንፈሯ ፊደል ይለቀም ነበር። ገበያነሽ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«መስቀል ፍላወር፣ ጎተራ፣ ጎተራ!» ሚኒባሱ ፊቷ ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አወጣ። «ማዘር፣ ግቡ፣ ሊሞላ ነው።»

«ሁለት ነን። ጓደኛዬ እየመጣች ነው።»

«የታለች?»

«እዚሁ ከኋላዬ ናት።»

«ወጥታለች? ዞር ብለው ይዩዋት እንጂ፣ በቃ ልንሄድ ነው።»

«አሁን መዞር አልችልም የኔ ልጅ» አለች ገበያነሽ። «ስትጨርስ ትመጣለች።»